ስልሳ ቦታ የተቆረጠው ብርድ ልብስ

ሂልትሩድ ቺርነር በጀርመኗ በፊርዘን ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብል የበላው ሱፍ ስትጠግን ኖረች። የሟች ባል ኮት፣ የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ፣ የካርኒቫል ማኅበሩ ባንዲራ፣ እሷ እጅ ያልገባ የከተማው ጨርቅ የለም ማለት ይቻላል። ሰፈርተኛው «ዝምተኛዋ ሂልትሩድ» ይላታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዝምተኛ አልነበረችም። ቂመኛ ነበረች፤ ቂመኛ ደግሞ ከጠበኛ የሚለየው አፉን መያዝ ስለሚያውቅ ነው።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። ሂልትሩድ ግን እሑድ እሑድ ቂሟን ይዛ ጸለየች፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሰረቀች፣ አንድ ቀን እንኳ አላሳላትም። የሰረቀችውም የራሷን ነው።

ነገሩ የእናቷ ብርድ ልብስ ነው። የሂትለር ጦርነት ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በጥር ብርድ፣ እናቷ ኦቲሊ የሩሲያ ጦር ሲመጣ በምሥራቅ ካለው ከሽሌዚያ አውራጃ ስትሸሽ የሰባት ዓመቷን ሂልትሩድን በእጇ ይዛ፣ የስምንት ወር ልጇን ቬንዴሊንን በዚያ ብርድ ልብስ ጠቅልላ በደረቷ አቅፋ ነበር። ልጁ በሦስተኛው ቀን በጭነት ባቡሩ ውስጥ ሞተ። መሬቱ በረዶ ሆኖ አልቆፈር ስላለ፣ ሁለት ቀን እንደ ተጠቀለለ ይዛው ተጓዘች። ከዚያ ባቡሩ በቆመበት በአንዱ ጣቢያ ሰዎች ከእጇ ወሰዱት። የት እንደ ቀበሩት የነገራት የለም። የቀራት ብርድ ልብሱ ብቻ ነው፤ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር ያለው የፈረስ ብርድ ልብስ። አንዱ ጥግ ተቀዶ ነበርና በቀይ ክር ወሰወሰችው። ሌላ ክር አልነበራትም።

ሂልትሩድ ሠላሳ ዓመት ሲሞላት በዱስልዶርፍ ከተማ በሠዓሊው በጌሮ ታልባህ ስቱዲዮ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ያኔ የከተማው ሠዓሊዎች አንድ ሥዕል ለአንድ ሀብታም ከመሸጥ፣ አንድን ነገር ሃምሳም ስልሳም አድርጎ ማውጣት ይዘው ነበር። ሣጥን ይሁን፣ ጠርሙስ ይሁን፣ ከድንጋይ ላይ የታተመ ሥዕል ይሁን፣ በእርሳስ ቁጥሩ ይጻፍበታል፣ ፊርማ ያርፍበታል፣ ለአስተማሪውም ለጥርስ ሐኪሙም ይዳረሳል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ እኔም ቤቴ አንድ አለኝ፣ አልዋሽም። ሂልትሩድ ለታልባህ ሣጥን ትለጥፋለች፣ ትሰፋለች፣ ቀን ቀን ደግሞ ለሠራተኛው ሁሉ ድንች ትልጣለች። አንድ ቀን ድንች እየላጠች ስለ ወንድሟና ስለ ብርድ ልብሱ አወራችው። ያቺን ምላስ ነበር መቁረጥ።

«እስቲ አምጪልኝና ልየው» አላት። «አንድ ሳምንት ብቻ። እሥለውና እመልስልሻለሁ።»

«የእማዬ ነው፣ አቶ ታልባህ። ከቤት ወጥቶ አያውቅም።»

«አንቺ ደግሞ! ልበላው መሰለሽ?»

እያሳሳቀ ወሰዳት። እሷም እናቷን ለምና፣ አስለምና፣ ብርድ ልብሱን አስወጣች። ኦቲሊ በር ላይ ቆማ አንድ ነገር ብቻ አዘዘቻት። «እንዳይታጠብ። ሳሙና ከነካው ሽታው ይሄዳል» አለች። የማን ሽታ እንደሆነ አልተናገረችም፣ መናገርም አላስፈለጋትም።

ለጴንጤቆስጤ በዓል ሂልትሩድ ወደ እናቷ ሄዳ ማክሰኞ ስትመለስ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ስልሳ ቁራጭ ጨርቅ ተደርድሮ አገኘች። እያንዳንዱ ስንዝር በስንዝር። አጠገባቸው ስልሳ ባዶ ሣጥን። ጥጓ ላይ ቀይ ክር ያለባትን ቁራጭ አንሥታ ያዘች።

ታልባህ ከወዲያ ማዶ እርሳስ እየቀረጸ ቀና ሳይል «መጣሽ?» አለ። «ክሩ እዚያ ነው። በየሣጥኑ አንድ አንድ፣ በአራቱ ጥግ አራት ስፌት። ሐሙስ ይወሰዳሉ።»

ቁጭ ብላ ሰፋች። ሦስት ቀን ሰፋች። መቀሱን አንስታ አይኑ ላይ አለመሰካቷን፣ ጠረጴዛውን አለመገልበጧን፣ «ሌባ!» ብላ አለመጮኋን ዕድሜ ልኳን ስታወጣ ስታወርድ ኖረች። እጇ ለምን እንደ ታዘዘለት አታውቅም። ሥራ የለመደ እጅ ባለቤቱን አይጠይቅም መሰለኝ። በታልባህ ላይ ከያዘችው ቂም እኩሌታው በዚያች በራሷ እጅ ላይ የያዘችው ነው።

ከእያንዳንዱ ሣጥን ጋር አንድ የታተመ ወረቀት ነበር። ታልባህ በድንጋይ ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ጽሑፍ «እናቴ በቦምብ ከነደደው ቤታችን በዚህ ብርድ ልብስ ጠቅልላ አወጣችኝ» ይላል። ከሥሩ ፊርማው፣ ቁጥሩ። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ቦምብ ሳይነካት ተራራ ላይ ዘመዶቿ ዘንድ ቅቤ ስትበላ የከረመች ሴት ነበረች።

ኦቲሊ በየእሑዱ «ብርድ ልብሱስ?» ትላለች። ሂልትሩድ «እየሣለው ነው» ትላለች። ይኸው ውሸት እስከ መስከረም ቆየ። በመስከረም ኦቲሊ ጫማ ልትገዛ ዱስልዶርፍ ወረደችና በአንድ የሥዕል ሱቅ መስኮት ውስጥ ጥቁሩን መስመር አየችው። ገብታ ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያ በቀጥታ ልጇ ወደምትኖርበት ክፍል መጣች፣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«የዚያ ሰው እናት እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለች። «እኔ የወለድኩት ወንድ አንድ ነው፣ እሱንም ወስደውብኛል። ይሄኛው ከየት መጣብኝ?»

ሂልትሩድ ቡና ልታፈላ ተነሣች፤ እናቷ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

«ማን ሰፋው? ስፌቱን አውቀዋለሁ። እኔ ያስተማርኩሽ ስፌት ነው።»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ፍቺው» አለችና ተነሥታ ሄደች። የጫማው ነገርም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሂልትሩድ የታልባህን ቤት ትታ መንሽንግላድባህ ካለ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ገባች። ሽማግሌውን ሸማኔ በቢራም በቋሊማም ደልላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ናሙና የሚሠራበትን ትንሿን መሸመኛ አስፈቀደችው። የበግ ሱፍ ከፍየል ጸጉር ጋር እየቀላቀለች፣ እየሸመነች፣ እየቀደደች፣ አንድ ዓመት ፈጀች። በሻይ ቅጠል ቀቀለችው፣ አመድ አሸችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። መጨረሻ ላይ አንድ ሙሉ ብርድ ልብስ ወጣ፤ ቡናማው ያው ቡናማ፣ መስመሩ ያው መስመር። እናቷ ዓይኗን ጨፍና ብትዳስሰው ብቻ ነበር የምትለየው። ሂልትሩድም እሱን ስልሳ ቦታ ቆረጠችው። ሲቆረጥ ድምፁን ሰማች፣ በዚያ ጴንጤቆስጤ ሲደረግ ያላየችውን አሁን በገዛ እጇ አደረገችው፣ ጥርሷን ነክሳ።

ፊርዘን መጥታ የጥገና ሱቅ ከፈተችና ጠበቀች። ብዙ አልጠበቀችም። ሱፍ ባለበት ብል አለ። የታልባህን ሣጥኖች እያወጣ ይሸጥ የነበረው ኦትማር ብሬንከ የሚባል ሰው በሦስተኛው ዓመት ደወለላት።

«ወይዘሪት ቺርነር፣ እርስዎ አይደሉ የታልባህን ሣጥኖች የሰፉት? ከኮሎኝ አንዱ ደንበኛዬ ሣጥኑን ብል በላበት ብሎ ያለቅሳል።»

«ይላኩልኝ» አለች።

እዚህ ላይ የነዚያን ሰዎች ሞኝነት ልንገራችሁ። እርሳስ ሱፍ ላይ አይጽፍም። ስለዚህ ፊርማውም ቁጥሩም ያለው ሣጥኑና ወረቀቱ ላይ ነው፤ ጨርቁ ላይ ምንም የለም። ሣጥኑ ሲመለስለት ባለቤቱ የሚያየው ምንድን ነው? አሥራ ሰባት ከስልሳ የሚለውን ቁጥር፣ ጌ. ታ. የሚለውን ፊርማ። መነጽሩን አድርጎ እርሳሱን ይመረምራል፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያነሣል፣ እፎይ ይላል። ጨርቁን ማንም አያየውም። እሷ አሮጌውን ቁራጭ አራት ስፌት ፈትታ ታወጣለች፣ አዲሱን በአራት ስፌት ታስገባለች፣ ብሉ የበላው ቀዳዳ በነበረበት ቦታም አዲሱን የተጠገነ እንዲመስል ወስውሳ ትልካለች። ባለቤቱ «ተአምር ነው!» ብሎ አበባ ይልክላታል።

ሣጥን ሲዘገይባት ደግሞ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ክሬፈልድ ከተማ ላይ ከሣጥኖቹ ሃያ አራቱ ባንድ ላይ ለእይታ በተሰቀሉ ጊዜ፣ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ በኪሷ የክብሪት ቤት ይዛ ሄደች። በክብሪት ቤቱ ውስጥ ብል ከነእንቁላሉ ነበር። ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው እየተዘዋወረች፣ አንገቷን ዘንበል እያደረገች፣ እንደ ሥዕል አዋቂ እያደነቀች ዘራችው። በዚያው ዓመት አሥራ አራት ሣጥን ደረሰላት። አንድ የባዝል ዶክተር ሣጥኑን ሲያስረክባት «ይህ ብል የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» አላት። «ይሆናል» አለችው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ሰዎቹ ምን አደረጉ? ምንም። ሂልትሩድ ግን ለእነሱ የሚተርፍ ርኅራኄ አልነበራትም።

ኦቲሊ በታመመች ጊዜ ሠላሳ አንድ ቁራጭ ተለቅሞ፣ ቁራጭ ከቁራጭ ተሰፍቶ ነበር። ሂልትሩድ ሆስፒታል ወስዳ ጉልበቷ ላይ አለበሰቻት። አሮጊቷ በጣቷ ቆጠረች፣ ጥግ ጥጉን ዳሰሰች፣ ቀዩን ክር ፈለገች። ቀዩ ክር ያለባት ቁራጭ ቁጥር አንድ ናት፤ ታልባህ ለራሱ ያስቀራት እሷን ነው።

«ገና ነው» አለች ኦቲሊ፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። በሳምንቱ ሞተች። ሂልትሩድ በቀብሯ ላይ አላለቀሰችም፤ ቄሱ ስለ ይቅርታ ሲሰብኩ ግን ጮክ ብላ አፍንጫዋን ተናፈጠች።

ዓመታት ሄዱ። ሠላሳ አንዱ አርባ፣ አርባው ሃምሳ፣ ሃምሳው ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሂልትሩድ ስልሳ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ታልባህ ሰባ ሊሞላው ነበር፣ ለልደቱ ስልሳውን ሣጥን በሙሉ ከያሉበት ሰብስበው በአንድ አዳራሽ ሊሰቅሉለት ተነሡ። ከመሰቀላቸው በፊት ብል እንዳይኖር የሚፈትሽ ሰው ተፈለገ። ማን ይጠራ? መቼም ታውቃላችሁ።

የሙዚየሙ ኃላፊ ወይዘሮ ኩልማን የምትባል ደግ ሴት ናት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታልባህ ቁጥር አንድን ራሱ አቅፎ ሲመጣ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች እንዲጨዋወቱ ብላ በሩን ዘግታላቸው ሄደች።

«ሂልትሩድ! አንቺ ነሽ? አላረጀሽም እኮ!» አለ በሣቅ።

«እርስዎ አርጅተዋል።»

«ምላስሽስ እንዳለ ነው! ቀስ በይ፣ ቀስ፣ ይቺ ቁጥር አንድ ናት። አብራኝ ነው የምትቀበረው፤ ተናዝዣለሁ።»

«የማን ብርድ ልብስ እንደሆነ ተናዘዙ?»

ሣቁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። «አሁንም እዚያው ነሽ? ያረጀ የፈረስ ልብስ ነበር እኮ፣ የኔ እመቤት። እናንተ ዘንድ ቢቀር ብል ይጨርሰው ነበር። እኔ ስልሳ ቤት አስገባሁት። ሰው ቆሞ ያለቅስበታል። እናትሽ ምን ጎደለባት?»

«ስሟ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ። ሂልትሩድ ቁጥር አንድን ከፈተች፣ አራቱን ስፌት ፈታች። ከቦርሳዋ ደግሞ የራሷን ቁራጭ አወጣች፤ በቀይ ክር የተወሰወሰችውን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለዚህች ቀን ያስቀመጠቻትን። ሁለቱን ጎን ለጎን አኖረች።

«አቶ ታልባህ፣ ከዚህ ውስጥ የእርስዎ የትኛዋ ናት?»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጨዋታ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው፣ አብራዎት ኖራለች። አያጧትም።»

የኮራ ሰው ፈተና ይወዳል። አንዷን አነሣ፣ ዳሰሰ፣ አስቀመጠ። ሌላዋን አነሣና አፍንጫው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይቺ ናት» አለ፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ። «ጭሱ አለበት። የእናቴ ደረት አለበት። በሺህ መካከል ቢሆን አውቀዋለሁ።»

«እሷን የሸመንኳት እኔ ነኝ» አለች ሂልትሩድ። «ጭስ ያልከው የሻይ ቅጠል ነው። ደረት ያልከው አመድ።»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው፤ እሱም ሰማው።

«ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሃምሳ ዘጠኙም የእኔ ናቸው። ጌታዬ፣ ለአንተ የቀረህ ፊርማህ ብቻ ነው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። መጀመሪያ የጠየቀው ለምን ብሎ አይደለም፣ እንዴት ብሎም አይደለም። «ማን ያውቃል?» አለ።

«አንተና እኔ።»

«ምን ትፈልጊያለሽ? ንገሪኝ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እውነተኛዋን ቁጥር አንድ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የእሷኛዋን እሱ እያየ በአራት ስፌት ሣጥኑ ውስጥ ሰፋቻት፣ ሳትቸኩል።

«ነገ ስትናገር ስማቸውን ጥራ» አለች። «ኦቲሊ ቺርነር። ቬንዴሊን። የእነሱ ነበር፣ ሰርቄ ቆረጥኩት በል። ይህን ካልክ ብርድ ልብሱን ሙሉውን አምጥቼ እሰጥሃለሁ፣ ስቀለው። ቂሜንም እዚያው አስቀምጬልህ እሄዳለሁ።»

«ካላልኩስ?»

«ካላልክ እኔም አልናገርም። አንተ ግን ሰው ሣጥኑ ፊት ቆሞ ሲያለቅስ ባየህ ቁጥር፣ ምን ላይ እንደሚያለቅስ ታውቃለህ።»

ቤቷ ሄዳ ስልሳኛዋን ቁራጭ በቦታዋ ሰፋች። ብርድ ልብሱ ሞላ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስታየው ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣም፣ በእሱ ፈንታ ፍርሃት መጣባት። ቢናገርስ? ያ ሽማግሌ ነገ ሕዝብ ፊት ቆሞ «ይቅር በሉኝ» ቢልስ? ያኔ ይቅር ልትለው ነው። ቃሏን ሰጥታለች። ብርድ ልብሱን አንጠልጥላ ሄዳ ልትሰጠው ነው፤ ሰውም «እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ነው» ሊለው ነው፣ በእንባዋ ላይ ሌላ ክብር ሊጨመርለት ነው። ይህን ቃል ምን አስወጣኝ ብላ ራሷን ረገመች። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበት ቂም አንድ ሽማግሌ በሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ሊወሰድባት ሆነ። ያለ እሱ ደግሞ ምን አላት? ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች።

እሑድ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ሂልትሩድ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፣ ብርድ ልብሱ በከረጢት ሆኖ እግሯ ሥር። ከንቲባው ተናገረ፣ ወይዘሮ ኩልማን ተናገረች፣ ሁለት ልጃገረዶች ቫዮሊን መቱ። ከዚያ ታልባህ ተነሣ። በአንድ ሌሊት አሥር ዓመት ጨምሯል። ዙሪያውን የተሰቀሉትን ስልሳ ሣጥኖች ቀስ ብሎ አያቸው፣ በመጨረሻ ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ።

«ይህ ብርድ ልብስ...» አለና አቆመ። «ይህ ብርድ ልብስ የአንዲት እናት ነበር።»

ሂልትሩድ የከረጢቱን ጆሮ ጨበጠች። በልቧ ለመነች፣ መቼም እንዲህ ያለ ጸሎት እዚያ ላይ ከደረሰ፤ አምላኬ፣ አታናግረው፣ አደራህን አታናግረው።

ታልባህ ዓይኑን ከእሷ ላይ ነቅሎ ወደ ካሜራዎቹ አዞረ።

«የእናቴ» አለ። «ከነደደው ቤታችን በዚህ ጠቅልላ አወጣችኝ።»

የሂልትሩድ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ዳነች። ቂሟ አልተወሰደባትም፤ እሱም አበቃለት፣ እስኪሞት ድረስ በእጇ ነው። እንባዋ በጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ሌላው ሰው እጁን ገና ሳያነሣ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ አጨበጨበችለት።